የጫኔ ዶማ

ተረት ተረት! በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? «የላም በረት» አላችሁ? ጎሽ! የዛሬው ግን ላምም በረትም ያልነበረው ሰው ተረት ነው።

ድሮ ድሮ፣ ጫኔ የሚባል ድሃ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች፤ ትንንሽ ልጆችም ነበሯቸው። ከምንጩ ዳር አንዲት ቁራጭ እርሻ ነበረቻቸው። ጫኔ ደግሞ አንድ ዶማ ነበረው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ሲነፋ ሌላው ሰው «ማን ሞተ?» ይላል። ጫኔ ግን «ማን ሞተ?» አይልም፤ ዶማውን አንስቶ ይሄዳል። ሀብታም ሲሞት ይቆፍራል። ድሃ ሲሞት ይቆፍራል። ዘመድ የሌለው መንገደኛ ሲሞትም ይቆፍራል። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ ለቀባሪ ከቀረበው ንፍሮ እፍኝ ይዘግናል። አይበላውም። በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለአንጓች ያመጣላታል።

አንጓች ታዲያ ትነጫነጭ ነበር።

«አንተ ሰው፣ የራስህ እርሻ ዳዋ ለብሶ የሰው መቃብር ትቆፍራለህ። ምን አተረፍህ?»

«ንፍሮ» ይላታል። ይስቃል።

እሷም ተቆጥታ ትበላለች። ንፍሮ ደግሞ ክፋቱ ተቆጥተው ሲበሉትም ይጣፍጣል።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጫኔ ሞተ። ከመሞቱ በፊት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እርሻዋን እንዳታስነኪ፤ የልጆቻችን ጉሮሮ ናት» አለ።

አንጓች ደረቷን እየመታች አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ጓዳዋን አየች፤ ባዶ ነው። ጎተራዋን አየች፤ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ፍርሃት ያዛት። ባሌ ያለ ክብር አፈር ሊገባ ነው ብላ ፈራች። ለክብሩ ስል ደግሞ እርሻዬን ላጣ ነው ብላ ፈራች።

ለካ ይህን ፍርሃት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነበር። ጎረቤቷ ባላምባራስ ዘገየ ነው። መሬቱ ከዓይን ያልፋል፤ በሬዎቹ ጥላ ይጠባቸዋል። ዓይኑ ግን ያረፈው በዚያች በምንጭ ዳር ቁራጭ እርሻ ላይ ነበር።

ጠዋት መጣ። «ባልሽ ሞተ አሉ» አላት። ለቀባሪው አረዱት ማለት እንዲህ ነው! ከዚያ አንድ ጥቅል አዲስ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ።

«በምን ትገንዢዋለሽ? ይኸን ውሰጂ። እርሻዋን ስጪኝ።»

አንጓች ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው። ያምራል። ለጫኔ ተመኘችለት። ቢሆንም «ጌታዬ፣ እኔ የፈተልሁት ጋቢ አለው። በሕይወቱ ያሞቀው ጋቢ በሞቱ አያሳፍረውም» አለች።

ረፋድ ላይ ተመልሶ መጣ። አንድ ሰንጋ አስነድቶ መጣ።

«ቀባሪን ምን ታበያለሽ? የሰው ልጅ ከሞቱ አሟሟቱ ሲባል አልሰማሽም? ሰንጋውን ውሰጂ። እርሻዋን ስጪኝ።»

አንጓች ሰንጋውን አየችው። ሻኛው እንደ ኮረብታ ቆሟል። ለቀባሪው ተመኘችው። ቢሆንም «ጌታዬ፣ ባሌ በቁሙ ሰንጋ ጥሎ አያውቅም። ሞቶ ፍሪዳ ጣይ ይሁን?» አለች።

ቀትር ላይ ሦስተኛ መጣ። በደመወዝ የምታለቅስ ድምፀ መረዋ አልቃሽ ይዞ መጣ።

«ማን ያለቅስለታል? እሷን ውሰጂ። እርሻዋን ስጪኝ።»

«ጌታዬ፣ ለባሌ እንባ በእርሻ አልገዛም።»

ባላምባራስ ተቆጣ። «እንግዲያው ስሚ! ቀኑ ፍስክ ነው። ሰንጋውን አሁን እጥለዋለሁ። አገሩ ሁሉ እኔ ደጅ ሥጋ ሲቆርጥ፣ አንቺ ከቄሱ ጋር ብቻሽን ትቀብሪዋለሽ!» ብሎ በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

አንጓች መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ወደቁ። ወዲያ ብታይ ግድግዳ፣ ወዲህ ብታይ ግድግዳ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ዶማው ተደግፏል። እጀታው የጫኔ መዳፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ተበልቶ ሰርጉዷል። ዶማውን አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ብድግ አለች።

ጡሩምባ ነፊውን ባዩን አስጠራችና «ሦስት ኮረብታ ላይ ውጣ። የምልህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጥራ» አለችው። ነገረችው።

ባዩ ዓይኑ ፈጠጠ። «እትዬ አንጓች፣ ‹አትምጡ› እየተባለ የሚጠራ ቀብር ሰምቼ አላውቅም!»

«ዛሬ ትሰማለህ፤ ሂድ ብቻ።»

ባዩ በላይኛው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ነፋ።

«ጫኔ ሞቷል! ድግስ የለም! ድግስ የሚሻ ባላምባራስ ደጅ ይሂድ! ጫኔ ወገኑን ያልቀበረለት ሰው ቀብሩ ላይ አይምጣ! የቀበረለት ግን ዶማና እፍኝ ጥሬ ይዞ ይምጣ!»

በባላምባራስ ደጅ ሰንጋው ተጥሏል፤ ሥጋው ተሰቅሏል። አራጁ ይህን ሰማ። ካራውን በሣር ጠረገና «አባቴን የቀበረው ጫኔ ነው» ብሎ ሄደ።

ባዩ በመካከለኛው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነፋ። ያንኑ ጠራ። ጠጅ ቀጂው ሰማ። ብርሌውን አስቀመጠና «ልጄን የቀበረው ጫኔ ነው» ብሎ ሄደ።

ባዩ በታችኛው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነፋ። ያንኑ ጠራ። አሁን የተነሣችው የባላምባራስ የገዛ ሚስቱ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አላት።

«ጌታው፣ የእርስዎን እናት ማን ቀበራቸው? ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሰው ሁሉ ቀረ። ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የቆፈረው ማን ነበር?»

 እሷ እፍኝ ስንዴ ይዛ ሄደች።

ወደ አንጓች እንመለስ። ደጇ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። መጀመሪያ አንድ ሰው መጣ። ከዚያ አምስት ስድስት ሆነው መጡ። ከዚያ መንገዱ በሰው ተሸፈነ። «አትምጡ» መባሉ አገሩን አንቀሳቀሰው፤ ማን ደፍሮ «እኔ ወገን ተቀብሮልኝ አያውቅም» ብሎ እቤቱ ይቀመጥ! ሁሉም ዶማ ይዟል። ጉድጓዱ አንድ፣ ቆፋሪው አገር ሆነና ቁፋሮውን ተሻሙ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሳይቆፍር ሌላው «ይበቃሃል፣ ለእኔም ልጅ እኮ ቆፍሯል!» ይላል። ቃሬዛው ከትከሻ ትከሻ ሲያልፍ መሬት አልነካም። አልቃሽ አልተቀጠረም፤ ከሴቶቹ አንዷ ከሆዷ አውጥታ አለቀሰች፦

«ሲቆፍር የኖረ የወገኑን ጓዳ፣
አገር ከፈለለት የዶማውን ዕዳ።»

በባላምባራስ ደጅ ግን ከአሞራ በቀር እንግዳ አልመጣም። አሞራው ሲበዛ ባላምባራስ ፈራ። ብቻውን መቀመጥ አቃተው። በቅሎም ሳይጭን በእግሩ እየሮጠ ወደ ቀብሩ መጣ። ጥሬ አልያዘም። ዶማ አልያዘም። ሰዉ ገለል ብሎ አሳለፈው፤ ከአንጓች ፊት ደረሰና ቆመ።

አንጓች አልሰደበችውም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ባላምባራስ፣ እርስዎ የሞቱ ዕለት ባዩ ምን ብሎ ይጥራ?»

ባላምባራስ መሬት መሬት አየ። እናቱ የተቀበሩበት ቦታ እዚያው አጠገቡ ነበር። ቀና ብሎ «ዶማውን ስጪኝ» አለ። የጫኔን ዶማ ሰጠችው። ባላምባራስ ካባውን አውልቆ፣ ላብ እስኪያጠምቀው የጫኔን አፈር መለሰ። ሥጋውንም በማግሥቱ ለደብሩ ድሆች አከፋፈለ። ዶማውን ግን አንጓች መልሳ አልወሰደችም። ከዚያ ወዲያ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ባላምባራስ ዶማ ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። እርሻዋንም ዳግመኛ አላነሣም።

ከቀብር መልስ ሰው ያመጣው ጥሬ ሁሉ በአንድ ድስት ተቀቀለ። የደጋው ባቄላ፣ የቆላው ማሽላ፣ ሽንብራው፣ ስንዴው ተደባለቀ። ቀባሪው ሁሉ በላ፤ ተረፈም። አንጓች እፍኟን ዘገነች። ያን ጊዜ «ምን አተረፍህ?» ያለችው ትዝ አላት። ለካ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣላት የነበረው ይህን ሁሉ ሰው ነው! እንባዋ ወረደ። «አምላኬ ተመስገን፤ ጫኔ፣ አንተም ተባረክ» አለች። እንደ ድሮው ተቆጥታ ሳይሆን፣ እያለቀሰችና እያመሰገነች በላች።

ለዚህ ነው አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ እፍኝ ንፍሮ ይበቃኛል።