ተማሪ አይታዘልም

ጠጋ በሉ። ተረቷ አጭር ናት፤ ምላሷ የረዘመው ባለታሪኳ ናት።

አስካለ የምትባል አያት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጇን ሶልያናን ከልጇ ቤት አዝላ ወደ ራሷ ቤት ትወስዳለች። ሰኞ ትምህርት ቤት ሊከፈት፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ አንቀልባዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ሶልያና አዲሱን ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተማሪ አይታዘልም፣ እምዬ» አለቻት። «በእግሬ ነው የምሄደው።»

አስካለ ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቤን፣ ጀርባዬን ስትል ጎረቤቱን ያሰለቸች ሴት ናት። ዛሬ ወገብሽ ይረፍ ስትባል ከፋት። ከሰኞ በኋላ ይህቺን ልጅ ማን ያዝላታል?

መንገድ ጀመሩ። አስካለ ከኋላ ከኋላ እየሄደች ጫማውን ለመነችው። ልጅቷ አልታዘልም አለች፤ ጫማ ሆይ፣ ውልቅ በልልኝ።

«ታድግበታለች ብለሽ ሁለት ቁጥር አስበልጠሽ የገዛሽኝ አንቺ» አለ ጫማው፤ «አሁን ደግሞ ባታድግ ይሻላል አልሽ? ጭቃ ካልሳበኝ አልወልቅም።»

አስካለ ጫማውን ተወችው። ወሬዋን ግን አልተወችም፤ ወደ ጭቃው ዞረች። ጫማው አልወልቅም አለ፣ ልጅቷ አልታዘልም አለች፤ ጭቃ ሆይ፣ ጫማውን ሳብልኝ። ጭቃው በፀሐይ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል። ውሃ ካልነካኝ አልስብም አላት።

ቀና ብላ ደመናውን አየች። ጭቃው አልስብም አለ፣ ጫማው አልወልቅም አለ፣ ልጅቷ አልታዘልም አለች፤ ደመና ሆይ፣ ዝነብልኝ። ደመናው ክረምቱን ሙሉ ልብሴን አላስደርቅ አልክ እያለች ስትሰድበው የከረመችውን ሴት አወቃት። ነፋስ ካልገፋኝ አልዘንብም አለና ጀርባውን ሰጣት።

ነፋሱ ባህር ዛፉ ውስጥ ተቀምጧል። ደመናው አልዘንብም አለ፣ ጭቃው አልስብም አለ፣ ጫማው አልወልቅም አለ፣ ልጅቷ አልታዘልም አለች፤ ነፋስ ሆይ፣ ደመናውን ግፋልኝ። በዚያው ስለ ሰኞ ነገረችው፣ ስለ ወገቧ ነገረችው፣ ስለ ጫማው ዋጋ ሳይቀር ነገረችው። ነፋሱ እስክትጨርስ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ።

«በምን ትንፋሽ ልንፈስ?» አላት። «ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ በወሬ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። እስኪ ትንሽ ዝም በይልኝ።»

አስካለ ልክ ልኩን ልትነግረው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም። ዝም ስትል የልጅቷ ድምፅ ተሰማት። ሶልያና በወለቀው ጥርሷ በኩል እያፏጨች እርምጃዋን ትቆጥራለች። ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ሠላሳ ይጠፋባትና እንደገና ከሃያ ትጀምራለች። ለካ ከበሩ ጀምራ ስትቆጥር ነበር፤ አስካለ ናት ስታወራ ያልሰማቻት። አሁን ሰማቻት፤ ሠላሳንም አልነገረቻትም።

አስካለ ዝም አለች፣ ነፋሱ ነፈሰ፣ ነፋሱ ደመናውን ገፋ፣ ደመናው ዘነበ፣ ዝናቡ ጭቃውን አራሰ፣ ጭቃው ጫማውን ሳበ፣ ጫማው ውልቅ አለ፣ ልጅቷም በአንድ እግሯ ቆመች።

«እምዬ፣ እዘይኝ» አለች። «ሰው ካየን ግን አሟት ነው በይ።»

አስካለ ጎንበስ አለች። ወገቧ ቀጭ አለ፤ እሷ ግን ወገቤን አላለችም። ቤቷ እዚያ ማዶ ይታያል። በወንዙ በኩል ዞራ በሩቁ መንገድ ሄደች፤ ተረቴንም አብራ አዝላው ሄደች።