የሰፈር ጀግና

አንድ የደሴ ቡጢኛ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ ሳይርቅ የገጠመውን ሁሉ ሲዘርር የኖረ። ከውጭ አገር የውድድር ጥሪ በመጣለት ቁጥር የስፖርት ኃላፊው አቶ ወንዳፍራሽ «በጀቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው» ይሉና፣ ቡድን መሪ ሆነው ብቻቸውን ይሄዳሉ።

ቡጢኛው ጓንቱን በሰቀለ ቀን ኃላፊው ሕዝብ ፊት ሊያሳፍሩት አማራቸው። የስንብት ዋንጫውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው፣ «አንተ የሰፈር ጀግና! አንድ የውጭ ሰው እንኳ ሳትጥል አረጀህ። ፈርተህ ነው ወይስ አቅም አጥተህ? ካልተናገርክ ዋንጫ የለም!» አሉት።

ቡጢኛው እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ እኔስ ሳልሄድ ቀርቼ ነው። እርስዎ በእኔ ቦታ ስድስት ጊዜ ሄደው አንድ ሰው እንኳ ሳይጥሉ የመጡት ምን ነክቶዎት ነው?» አላቸው።