የእቴጌ ዓይን

አንድ ቀን፣ ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ቀን፣ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ አንዲት ዓሣ ዓይኗን ታመመች። መቼም ሐዋሳ ውስጥ ዓሣ ዓይኗን ታመመች ቢባል ማን ይደነግጣል? ቆረሶ የሚባለው ዓሣ በዘይት ተጠብሶ ከነዓይኑ ሲቀርብ በጭንቅላቱ የሚሻማ ሕዝብ ነው። ይቺኛዋ ግን ከሐይቁ የወጣች አይደለችም። የጡረተኛው ዳኛ የአቶ ወንዳፍራሽ ዓሣ ናት። ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ የምትኖር፣ ወርቅማ፣ ጅራቷ እንደ ነጠላ የሚዘናፈል፣ ስሟም እቴጌ።

ዳኛ ወንዳፍራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው በጡረታ ቢገለሉም ችሎቱ ከእሳቸው አልተገለለም። ሽሮው ጨው ሲበዛበት «ጥፋተኛ!» ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ይቀነስ ሲባሉ «አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል» ይላሉ። የማያውቁት ነገርም የለም፤ ግንበኛ ቢመጣ ስለ ግንብ ያስተምሩታል፣ አዋላጅ ብትመጣ ስለ ምጥ ያስረዷታል። በዚያ ላይ ወሬያቸው ረጅም ነው። በተለይ በወጣትነታቸው የዳኙትን የአንድ በሬ ክርክር ከጀመሩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ በሬው ገና ከበረት ሳይወጣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እንግዶቹም ተራ በተራ አንገታቸው ይሰበራል።

እቴጌ ግን አታንቀላፋም። መስታወቱ አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አንዴ እንኳን ሳታርገበግብ በሬው ተገኝቶ፣ ይግባኙ ተሰምቶ፣ ፍርዱ እስኪጸና ድረስ ታዳምጣለች። ዳኛው የወደዷትም ስለዚህ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈርድ፣» ይሉ ነበር ለገባ ለወጣው ሁሉ፣ «እንዲህ ዓይኑን ሳይከድን የሰማኝ አንድ ጠበቃ አላጋጠመኝም!»

ፍቅራቸውም ባዶ እጁን የሚሄድ ፍቅር አልነበረም። የፋሲካ ሰሞን ቤታቸውን እንግዳ አይለየውም፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ከድፎ ዳቦው ቆረስ አድርገው «እስቲ እቴጌንም አጉርሷት!» ይላሉ። እንግዳው አንዴ ያጎርሳታል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ይላሉ ዳኛው። ሁለተኛውን ያጎርሳታል። ሦስተኛውን «በሞቴ!» ብለው እጁን ይዘው ያስጨምሩታል። በዚህ ሁኔታ አራት ቀን ተጋብዛ፣ በአራተኛው ቀን የእቴጌ ግራ ዓይን ጉም ለበሰ።

ምናላቸው ተጠራ። ምናላቸው ከአባቱ ጋር ሐይቁ ላይ በጀልባ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ ሰው ነው። ኋላ አንድ ሆቴል የመስታወት ገንዳ ሲያስገባ «አንተ ዓሣ ታውቃለህ» ተብሎ ተቀጠረ፤ መጀመሪያ እየገደለ፣ በኋላ እያዳነ ሙያውን ተማረ። ዛሬ የሁለት ሆቴልና የአምስት ቤት ገንዳ በእሱ እጅ ነው፤ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚኖሩትም በዚሁ ነው። ሰፈርተኛው «የዓሣ ሐኪሙ» እያለ ያሾፍበታል። «እኛ ሰፈር ለዓሣ የሚታዘዘው ሚጥሚጣ ነው» ሲሉት፣ «የእናንተ በሽተኞች ታዲያ አንድ ቀን ለምስጋና ተመልሰው ያውቃሉ?» ይላቸዋል። አፉ አይተኛም።

ዳኛው ቤት ደርሶ እቴጌን አየ። የገንዳውን ክዳን ከፈት አድርጎ አሸተተና ፈጥኖ መለሰው። ከታች፣ ከጠጠሩ መሐል፣ ያበጠ ድፎ ዳቦ ተከምሯል፤ ከዳቦው አጠገብ የዶሮ ወጥ እንቁላል አስኳል ተቀምጧል።

«ክቡር ዳኛ፣» አለ እጁን አጣምሮ፣ «ዓይኗን የጎዳት ውሃው ነው። ለሦስት ቀን ምግብ አይሰጣት። ከውሃው በየቀኑ ሲሶውን እየቀዳን፣ በባልዲ አንድ ቀን በዋለ ንጹሕ ውሃ እንተካው። ትንሽ አሞሌ ጨው እናሟሟበት። እግዜር ያውቃል፣ ከአሥር ቀን አያልፍም፣ ዓይኗ ይጠራል።»

«ሦስት ቀን ምን አልክ?»

«ትጹም ነው ያልኩት፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በበዓለ ሃምሳ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም! ቤተ ክርስቲያን የሻረችውን ጾም አንተ ሳሎኔ ውስጥ ልትደነግግ ነው?»

«ዓሣ እኮ ናት፣ ክቡር ዳኛ።»

«የእኔ ቤት ዓሣ ናት!»

ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ተው አንተ ሰው፣ ባለሙያውን ስማው» ቢሉም ማን ሰምቷቸው።

«ውሃውስ?» አለ ምናላቸው። «ውሃውን እንኳን እንለውጠው።»

«ውሃው ምን ሆነ? በወዲያ በኩል ጋዜጣ ብታስቀምጥ ይነበባል! የታመመው ዓይን፣ አንተ የምታወራው ስለ ውሃ። ዓይን ሲታመም የሚታዘዘው የዓይን መድኃኒት ነው። ተወስኗል!» አሉና ባለፈው ዓመት ለራሳቸው ዓይን ታዞላቸው የተረፈውን ጠብታ ከመሳቢያ አወጡ።

«ውሃ ውስጥ ላለች ዓሣ ዓይን ጠብታ ማለት ሐይቁን በማንኪያ ስኳር ማጣፈጥ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ይግባኝ የለውም!» አሉና ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርገው በእጃቸው ሦስት ጊዜ ጠብ ጠብ አደረጉባት። ፊታቸውን ወደ ምናላቸው አዙረው እያስተማሩ ስለነበር አንዱ ጠብታ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ምናላቸው እቴጌን ሳይነካት፣ ውሃውንም ሳይለውጥ፣ እንደተቃጠለ ወጥቶ ሄደ።

እሑድ ደረሰ፤ ዳግማይ ትንሣኤ። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ድፎውም ጉርሻውም እንደቀጠለ ነው። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው የበሬውን ክርክር ጀመሩ። በሬው ሲጠፋ ወይዘሮ ትርንጎ ተኙ። ምስክር ሲጠራ ሁለት እንግዶች ተከተሏቸው። ዳኛውም እንደልማዳቸው ወደ እቴጌ ዞር ቢሉ፣ እቴጌ ጀርባዋን ሰጥታቸው ግድግዳውን ታያለች። ደንግጠው ተነሥተው ቀርበው አዩዋት። ሁለተኛው ዓይኗም ጉም ለብሷል፤ ለመዞር ስትሞክር ከመስታወቱ ጋር ትጋጫለች። ዳኛ ወንዳፍራሽ ሞት ሲፈርዱ ያልራሰ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምናላቸውን ጥሩልኝ!» አሉ።

ምናላቸው ሲገባ ዳኛው ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተኮፍሰዋል፤ እንግዶቹም ነቅተው እንደ ችሎት ታዳሚ ተደርድረዋል።

«ተከሳሽ፣ ፊት ለፊት ቁም!» አሉ ዳኛው። «አንድ ዓይኗ ታሞ ብጠራህ፣ አንተ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ሁለተኛውም ጠፋ። ክዳኑን የከፈትከው አንተ ነህ። እጅህን ሳትታጠብ ገብተህ ውሃዋን በክለሃል ተብለህ ተከሰሃል። ጥፋተኛ ከሆንክ በመጪው ስብሰባ ለእድሩ አባላት በሙሉ አሳውቃለሁ።»

ይሄ ቀልድ አልነበረም። የእድሩ ሰብሳቢ ራሳቸው ናቸው። የሁለቱ ሆቴሎች ባለቤቶች የእድሩ አባላት ናቸው፤ አምስቱም ባለ ገንዳ ቤቶች እንዲሁ። ዳኛው አንድ ቃል ከተነፈሱ ምናላቸውን በሩን ከፍቶ የሚያስገባው አይኖርም። ዘወር ብሎ እቴጌን አያት፤ ያቺ ምስኪን መስታወቱን እንደ ዕውር በአፍንጫዋ ትዳስሳለች። ከራሱ ይልቅ እሷ አሳዘነችው፣ በዚያው ልክም ዳኛው አናደዱት።

«መከላከያ አለህ?»

«አለኝ፣ ክቡር ዳኛ። ማስረጃ ላቅርብ?»

«አቅርብ። ሕግ ማንንም አይከለክልም።»

«እሜቴ፣ እባክዎ አንድ የታጠበ ብርጭቆ ይስጡኝ» አለ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞሮ። አመጡለት። የገንዳውን ክዳን ከፍቶ በብርጭቆው ከታች፣ ከድፎው ክምር አጠገብ ውሃ ቀዳና ክዳኑን መለሰ። ከዚያ ውሃውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ በግራው ክንዱን ደግፎ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ለዳኛው አቀረበ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሃው በእኔ እጅ ተበክሏል ተብያለሁ። ሐሙስ ዕለት እኔ ቆሻሻ ነው ስል፣ እርስዎ ንጹሕ ነው ብለው ወስነው ነበር። እጄን ደግሞ ያኔ ጭራሽ አላስገባሁበትም። ይቅመሱትና ፍርድዎን ያጽኑት።»

ሳሎኑ ተንጫጫ። ዳኛው ግን ዋዛ አይደሉም። «ቆይ!» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ሳይቀምስ ለጌታ አያቀርብም። የአገሩን ወግ አታውቅም? በል፣ መጀመሪያ አንተ ቅመሰው!»

«እውነታቸውን ነው!» አሉ እንግዶቹ።

«አሳላፊማ የሚቀምሰው ያቀረበው ነገር ደህና መሆኑን ሊያስመሰክር ነው፣» አለ ምናላቸው ሳያቅማማ። «እኔ ደህና ነው አላልኩም። ደህና ነው ያለው ይቅመስ።»

አሁን ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዳኛው ወደኋላ እንዳይሉ ያ ሁሉ እንግዳ እያያቸው ነው። ብርጭቆውን ተቀበሉ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። «ይኸው! ኩልል ያለ ውሃ!» አሉ በኩራት፣ ወደ አፋቸውም አስጠጉት። ከከንፈራቸው ሳይደርስ የሳምንት ድፎና የበሰበሰ አስኳል ጠረን አፍንጫቸውን መታው። ፊታቸው እንደ ከረጢት ተጨማደደ፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፍነው ብርጭቆውን በክንዳቸው ርዝመት አራቁት።

«ውሰድልኝ! ኧረ ባክህ ውሰድልኝ!»

ምናላቸው ብርጭቆውን ቶሎ አልተቀበላቸውም።

«አዩ፣ ክቡር ዳኛ፣» አለ በእርጋታ። «እርስዎ ጠረኑ ብቻ ቢደርስዎ ዓይንዎን ጨፈኑ። እሷ ሳምንት ሙሉ የኖረችበት ለዓይኗ የሚጨፈን ቆብ ሳይፈጠርላት ነው።»

ዳኛ ወንዳፍራሽ ዓይናቸውን ገለጡና እቴጌን አዩዋት፤ የእሳቸውን ወሬ ስትሰማ አንዴም ሳታርገበግብ ያፈጠጠችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባቸው። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ የከበዳቸው ፍርድ አልሰጡም ይባላል።

«ተከሳሽ ነጻ ነው፣» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እቴጌ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ትጹም። ያጎረሰ ይቀጣል።»

«በዓለ ሃምሳስ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እሱ ለሰው ነው!»

ምናላቸው ውሃውን በየቀኑ እየቀየረ፣ አሞሌውን እየጨመረ፣ በአሥረኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ዶቃ ጠሩ። ዳኛው ደስታቸው ወሰን አጣ። የዚያኑ ዕለት ወንበራቸውን ከገንዳው አጠገብ ስበው የበሬውን ክርክር ከመጀመሪያው ጀመሩላትና፣ «አየሽ ትርንጎ፣ እንደ ድሮዋ አንዴም ሳትጨፍን ትሰማኛለች!» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱላቸው፦ «ምን ታድርግ፣ የምትጨፍንበት የላት!»