የአንጓች ተረተር

በጎጃም፣ ከግራር ውሃ መንደር በላይ፣ የአንጓች ተረተር የሚባል ቀይ ዳገት አለ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ እዚያ የተዘራው ግብጦ አበባ ሲያወጣ፣ የመንደሩ ወንዶች በሬ ጠምደው ይወጡና እርፉን ለአንዲት ሴት አስረክበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። እሷም ግብጦውን ከነአበባው እየገለበጠች የመጀመሪያውን ትልም ታወጣለች። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ። እኛ የምናደርገውን እናውቃለን።

እንደሚነገረው፣ ያ ዳገት ድሮ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎ የወሰደበት፣ ድንጋዩ ያገጠጠ መሬት ነበር። አንጓች የምትባል፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የቀረች ሴት፣ ከአባቷ የደረሳት መሬት እሱ ብቻ ነበር። ጤፍ ዘራችበት፣ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ በዓመቱ ገብስ ዘራችበት፣ ዘሩን እንኳ አልመለሰም። በዚያ ዘመን ደግሞ የመንደሩ ጭቃ ሹም ይርዳው፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ አውድማ ላይ እህል ያልወጣበትን መሬት ጠፍ ነው እያለ ከራሱ ግጦሽ ጋር ይቀላቅል ነበር ይባላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ማን እንደተጠቀመበት ግን ሁሉም ያውቃል።

በሦስተኛው ዓመት አንጓች ግብጦ ዘራች። ግብጦ መሬት አይመርጥም፤ ከመምረሩ የተነሳ ከብት አይደፍረውም፣ ሰውም የሚበላው ቆልቶ ወንዝ ውስጥ ስንት ቀን ዘፍዝፎ ነው። በቀለላት፣ አበበላትም። ወቅታ ጥቂት ቁና ብታሳይ ለዚያ ዓመት መሬቷ ይተርፍላት ነበር። እሷ ግን ያየችው ነገር አለ። ገብሷ ሁሉ ሲጠወልግ አንዲት ጥግ ብቻ ለምልማ ጉልበት ደርሳ ነበር፤ ያችንም ዝንጀሮ ጨረሰባት እንጂ። ያች ጥግ ደግሞ ከዚያ በፊት በጤፉ ዓመት፣ ዳር ላይ የዘራችው ጥቂት ግብጦ በአበባው ሳለ በረዶ መትቶት እዚያው የበሰበሰባት ናት።

እናም የሷንና የራሱን አንድ አንድ በሬ አቀናጅቶ ወደሚያርስላት ጎረቤቷ ወደ አያ ደሴ ሄደች፤ ግብጦውን ሳይደርስ እንዲገለብጥላትም ለመነችው።

«የቆመ እህል ማረስ ግፍ ነው፤» አላት ሽማግሌው። «ደግሞስ መሬቱን ለይርዳው በገዛ እጅሽ መስጠትሽ አይደለም?»

«ዘንድሮ ባይወስደው ከርሞ ይወስደዋል። በየዓመቱ እየተንቀጠቀጥሁ አልኖርም።»

አያ ደሴ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «በሬውን ውሰጂ፤ እጄን ግን አልሰጥሽም።»

ሴት እርፍ ጨበጠች ማለት በዚያን ጊዜ ነውር ነበር። አንጓች ጨበጠች። መንደርተኛው ዳገቱ ሥር ተሰልፎ ገሚሱ ሲያማትብ፣ ገሚሱ ሲስቅ፣ የአበባውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ገለበጠችው። ትልሟ ጠማማ ነበር ይባላል፤ ይሆናል፣ ማን አስተምሯት!

የመውቂያው ወር ሲደርስ ጭቃ ሹም ይርዳው ሽማግሌዎችን አስከትሎ፣ የመለኪያ ገመዱን ይዞ መጣ። አውድማው ባዶ ነው።

«እህልሽ የታለ?» አላት።

«መሬቱ ውስጥ ነው።»

ይርዳው ሳቀና ገመዱን እንዲዘረጉ አዘዘ። እሷ ማሳው መሃል ሄዳ ተቀመጠች። «እንቢ! ከፈለጋችሁ በላዬ ዘርጉት። ጌታው፣ እስከ ከርሞ ኅዳር ይጠብቁኝ፤ ካልበቀለ ቤቴንም ጨምረው ይውሰዱ፣ እኔም አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።» ሰውዬው በዚያው ቀን መሬቱን ቢወስድ የሚከለክለው አልነበረም፤ ግን ጎጆዋም አማረችውና በሽማግሌዎቹ ፊት እሺ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የተሸነፈው ያን ጊዜ ነው።

ክረምቱ ገባ፤ የበሰበሰው ግብጦ አፈሩን አለስልሶት ኖሮ ዝናቡ እንደ ወትሮው ተንሸራቶ አልሄደም፣ ሰረገ። አንጓች ጤፍ ዘራች። ኅዳር ላይ ጤፉ ዘለላው ከብዶት ተኝቶ ነበር። ይርዳው መጣ፣ አንድ ዘለላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸና ፍሬውን አየ፣ በቅሎውንም አዞረ። ኋላ በሰው እጅ የግብጦ ዘር አስለምኗል የሚሉ አሉ፤ ዘሮቹ ግን እስከ ዛሬ ይክዳሉ።

ያን ቀን አያ ደሴ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ዳገቱ ሥር ቆሞ ነበር። አንጓች ከላይ ሆና አየችው። «አያ ደሴ፣ አሁን እጅህን አምጣ!» አለችው። ሽማግሌው እያለቀሰ፣ ማጭዱን ይዞ ወጣ ይባላል።

ዛሬም ሴቲቱ የትልሙ ጫፍ ደርሳ ዞር ብላ እስክትጣራ ድረስ፣ በሬው ቢያስቸግራት እንኳ እጁን የሚፈታ ወንድ የለም። ዓምና እርፉን የጨበጠችው ከይርዳው ዘር የሆነች ልጅ ናት። ትልሟ ክፉኛ ጠማማ ነበር፤ ማንም አልሳቀባትም። ጫፍ ደርሳ ላቧን ጠረገችና፣ አባቷም ከቆሙት መሃል ነበሩ፣ «አሁን እጃችሁን አምጡ!» አለች።