የዶማው እጀታ ተራራ ላይ ቀረ

ልጆች፥ ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚያዛጋ ካለ ከአሁኑ ቤቱ ይግባ።

በድሮ ዘመን አያ አንበሶ ተራራ አናት ላይ ተቀምጦ አገሩን ሁሉ ይገዛ ነበር። ከታች ባለው ሸለቆ ጎርፍ ምንጩን በደለል ደፈነው። የሚዳቋ ግልገል ጤዛ እየላሰ ከረመ፤ ጤዛውም እያለቀ ሄደ። መቆፈሪያ ያለው አንበሶ ዘንድ ብቻ ነውና አራዊቱ አቤት አሉ።

አንበሶም አዋጅ አስነገረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሸለቆ ሁሉ ራሱን ያስተዳድር፥ ለየሸለቆውም አንድ አንድ ዶማ ይሰጠው ተባለ። እልልታው ቀለጠ። ዶማው ሲወርድ ግን ብረቱ ብቻ ነው።

መጠየቅ የማይታክተው አያ ጃርት፥ "እጀታውስ?" አለ። እንዳይጠፋ ጌታችን ጋ ተቀምጧል አሉት ብረቱን ያወረዱት። ጃርት ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጣ። ጸሐፊዋ ጦጢት እጀታው ሌላ ሸለቆ ሄዷል ብላ መለሰችው። ሁለተኛ ወጣ፤ ማመልከቻ ይዘህ ና ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ማመልከቻውን ይዞ ወጣ፤ እጀታውን ሰጠችውና ጀምበር ሳትጠልቅ እንድትመልስ አለችው። ወይ ጉድ፥ መንገዱ ብቻ አንድ ቀን ነው እኮ።

ጃርት እዚያው አንበሶ በር ላይ ቁጭ ብሎ እጀታውን አገላብጦ አየው።

"ለመሆኑ አንተ የየት አገር እንጨት ነህ?"

"የእናንተው ወይራ ነኝ" አለ እጀታው። "እናቴ ከምንጫችሁ ራስጌ ቆማለች። ሦስቴም በጥላዋ ሥር አልፈህ ነው የመጣኸው።"

ጃርት አፈረ። እኔ ብሆንም አፍር ነበር። እጀታውን ለጦጢት መልሶ ቁልቁል ወረደ፤ ከወይራዋ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጠረበና ከብረቱ ጋር አዋደደው። እሱ ሲቆፍር ሚዳቋ አፈሩን ስትዝቅ፥ በሦስተኛው ቀን ምንጩ ፈለቀ። ግልገሉ ጠጣ፤ እናቱ አለቀሰች።

አንበሶ ወሬው ደርሶት ወረደና ማን ፈቀደላችሁ ብሎ አፈጠጠ። ጃርት እጅ ነሳ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ፤ ራሳችሁን አስተዳድሩ ብለውን የለ? ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ብረቱን ለእኛ ሰጥተው፥ እጀታውን ብቻውን ይዘው እላይ ምን ይቆፍሩበት ነበር?"

አንበሶ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ጠጣና ዳገቱን ተያያዘው።

እናም ልጆች፥ ብረቱን ሰጥቶ እጀታውን ያስቀረ፥ ሰጠሁ አይበል። ወይራ ከደጁ እያለ ተራራ የወጣም፥ ተነፈግሁ አይበል።