ወርቁ ላይ የተኛው ዘንዶ

አቶ ደምመላሽ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ጀግና እየሆኑ የሚጫወቱትን፣ ዋሻ ውስጥ ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ የሚገደልበትን የጀብዱ ጨዋታ እያሳተሙ ይሸጡ ነበር። አለቃ በአለቃ ላይ ቀጥረዋል፤ የጨዋታውን ታሪክ የምትጽፈው ግን አንዲት ምላሰኛ ሴት ብቻ ናት። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አፋጠጧት።

«ተጫዋቾቹ ዘንዶውን ገድለው ወርቁን ከወሰዱ በኋላ ሌላ ጨዋታ ከእኛ አይገዙም። ስለዚህ ጀግኖቹ ቀን ከሌት ለፍተው ወርቁን የማያገኙበት፣ በማግስቱም ሳያጉረመርሙ የሚመለሱበት ታሪክ ጻፊ። ካልቻልሽ እዚህ ቤት እንጀራ የለሽም!»

ሴትዮዋ እንጀራዋን አሰበች፤ ምላሷ ግን ቀደማት። አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ባልደረቦቿን አየት አደረገችና፣

«ይሄማ ምን ይከብዳል ጋሼ!» አለች። «ጀግኖቹ እነዚሁ ናቸው፤ ዋሻውም ይሄው ቢሯችን ነው። ወርቁ ላይ የተኛውን ዘንዶ ግን በስምዎ ልጥራው ወይስ ስሙን ልቀይረው?»