ጠላ ሻጯና የጎረቤቷ ላም

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከቤቷ ምንም ነገር አይጣልም። ቆይ፣ አትቁነጥነጪ! ጥያቄሽን የረሳሁት መሰለሽ? መቆጠብና መንፈግ ድንበራቸው የቱ ጋ ነው ብለሽኛል። እሱኑ ልመልስልሽ ነው፤ መነኩሲት ነገር የምታስረዳው ዞር ብላ ነውና ቻይኝ።

ሴትዮዋ የገበሬ ሚስት ናት፤ በየገበያው ቀን ጠላ ትሸጣለች። ሙያዋ ተነግሮ አያልቅም። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣውና ድርቆሽ ታደርገዋለች፤ እንጀራ ያጠረ ቀን በትኩስ ሽሮ ስታርሰው ልጆቿ ጣታቸውን ይልሳሉ። ቅቤ ስታነጥር ከድስቱ ሥር የሚቀረው ቅመም ለወጥ ማጣፈጫ ይሆናል። ነጠላዋ ሲያረጅ የልጅ ማቀፊያ፣ ማቀፊያው ሲሳሳ የምጣድ ማሰሻ ነው። እንስራ ቢሰበርባት እንኳ ጎድጎድ ያለውን ገል ለዶሮ ውሃ ማጠጫ፣ ትንሹን ለፍም መጫሪያ ታደርገዋለች። አመዱ ሳይቀር ሥራ አለው፤ ድስት ይፈተግበታል፣ የቀረው ነቀዝ እንዳይገባ ከዘር ጋር ይደባለቃል።

ንፉግ ነበረች እንዳትዪኝ፤ አልነበረችም። ክፉ ቀን አይታለች። ልጅ ሳለች የእናቷ ምድጃ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ አልረሳችውም፤ ፍርፋሪ ሲወድቅ ባየች ቁጥር ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች። በእንዲህ ያለ ሰው የሚስቅ፣ ተርቦ የማያውቅ ሰው ነው።

ከአጥሯ ማዶ አንዲት ባልቴት ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያለቻት አንድ ላም ናት፣ ቦራ የምትባል። ጠላው በተጠለለ ቁጥር ባልቴቷ ገንቦዋን ይዛ ትመጣለች፤ ሴትዮዋ አተላውን ትሞላላታለች፤ ቦራ ትጠጣዋለች። አተላ ስድብ የሆነው ለሰው ነው እንጂ ለላምማ ድግስ ነው! ባልቴቷም ወተት በናጠች ቁጥር አንድ ቅል አሬራ በአጥሩ ላይ ለልጆቹ ታቀብላለች። አንዷ ሰጠሁ፣ ሌላዋ ተቀበልኩ ብላ አታውቅም። እንዲህ ሆነው ብዙ ዘመን ኖሩ።

አንድ ጊዜ የሴትዮዋ ባል እህት ከከተማ ልትጠይቃቸው መጣች። ባልቴቷ ገንቦዋን አስሞልታ ስትወጣ አየችና ሳቀች።

«አንቺ ምንም አልጥልም ባይ! ይኸው ጠላ በጠመቅሽ ቁጥር አንድ ገንቦ ትጥያለሽ አይደል እንዴ? በግ ግዥና በአተላው አደልቢው፤ ለበዓል ጥሩ ይወጣልሻል» አለቻት።

ትጥያለሽ! ይህች ቃል ሴትዮዋን አጥንቷ ድረስ ዘለቀቻት። ሌባ ብትባል ይህን ያህል አይከፋትም ነበር። ደግሞስ ምክሩ ምን ክፋት አለው? አተላው የራሷ ነው፤ ጌሾውን የወቀጠች፣ ብቅሉን ያበቀለች እሷ ናት። በግ ገዛች።

በሚቀጥለው ጠላ ባልቴቷ እንደ ልማዷ ገንቦዋን ይዛ ደጅ ላይ ቆመች።

«ዛሬስ የለም፣ እማማ። በግ ገዝቼ…» አለች ሴትዮዋ።

«እሰይ ልጄ፣ ያርባልሽ» አለች ባልቴቷ። ባዶ ገንቦዋን አዝላ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ለአተላ አልመጣችም።

በጉ ሰባ፣ ላቱ ተንዠረገገ። ያየው ሁሉ «ወይ ባለሙያ!» ይላታል። እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ አሬራው ቀረ። ልጆቿ ሲጠይቋት «እማማ ሳታኮርፈን አትቀርም። እንዴት አንድ ቅል አሬራ ይህን ያህል ይሰሰታል?» አለች። አየሽልኝ? ስስታም ያለቻት እኮ ባልቴቷን ነው! የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ የቀረበት ቶሎ ይታየዋል፣ ያስቀረው ግን አይታየውም።

በጋው ጠና፤ ሜዳው ደረቀ። አንድ ጠዋት ባልቴቷ መጣች። ገንቦ አልያዘችም፤ ቦራን በገመድ እየሳበች ነው። የላሚቱ ጎድን ይቆጠራል።

«ምነው እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ልሸጣት ነው፣ ልጄ። ወተቷ ነጠፈ፤ ሣር እንደሆን መሬት ላለው ነው። ገበያ አውጥቼ ለማላውቀው ሰው፣ ለቢላዋ ከምሰጣት አንቺ ብትወስጃት ብዬ መጣሁ። ካንቺ ቤት ምንም አይጣልም። አተላም አለሽ። አንቺ ዘንድ አትራብብኝም።»

ነገር መወርወሯ አልነበረም፤ ይህን ልብ በይልኝ። ከልቧ ነው። ያለቻትን አንዲት ላም ለምታምናት ሰው አደራ ማለቷ ነው። ሽሙጥ ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ ሴትዮዋ ምላሷ የዋዛ አይደለም፣ ልክ ልኳን ትነግራት ነበር። አሁን ምን ትበል? ዓይኗ ከላሚቱ ጎድን ወደ በጉ ላት ሄደ፤ ያ ሁሉ ስብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ገባ ገባት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወደ ጓዳ ገባችና ያን ለት የተጠለለውን አተላ፣ ለበጉ የቀዳችለትን ሳይቀር፣ በገንቦ ሞልታ አዘለችው። በአገሩ ወግ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ተቀባይ ነው፤ ሰጪ አተላ አዝሎ ሰው ደጅ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። እሷ ግን ገበያተኛው እያየ ፊት ፊት ሄደች። ቦራ አተላው ሸተታትና ባልቴቷን በገመዱ እየጎተተች ተከተለቻት። ባልቴቷ ደጅ ሲደርሱ ሴትዮዋ አተላውን ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው።

«እማማ፣ ይህ የቦራ ነበር። እኔ ነኝ የወሰድኩባት» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

የሴትዮዋ ጀርባ አተላ ተንጠባጥቦበት ርሶ ነበርና ባልቴቷ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

ወተቱ በማግስቱ ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም፤ ላም ቧንቧ አይደለችም። ከርማ፣ ወልዳ ነው የታለበችው። ግን አልተሸጠችም። በጉም ያገኘውን እየጋጠ ለበዓል ከስቶ ደረሰ፤ የባሏ እህትም ሰምታ «ሞኝ!» አለቻት። ትበላት።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያች ሴት ነሽ። ያደረ ዳቦሽን አድርቂ፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ ቀቅለሽ ውሃውን ለሾርባ አውዪው፣ ያለቀ ልብስሽን መወልወያ አድርጊው፤ በዚህ ንፉግ የሚልሽ ቢኖር ጆሮ አትስጪው። ብቻ የሚጣልና የሚሰጥ ነገር ከደጅ ሲወጡ መልካቸው አንድ ነው፤ ያቺ ሴት የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ከጉድፍ ላይ ያነሣሽው ቁጠባ ነው፤ ከአፍ ላይ ያነሣሽው፣ የላምም አፍ ቢሆን፣ ንፍገት ነው። ለአሮጌ ነገር አዲስ ሥራ ባገኘሽለት ቁጥር «እስከ ዛሬ የማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። እኔን ግን አትጠይቂኝ፤ ቤትሽን አላውቀውም። ደጅሽ ቆሞ፣ መርቆሽ፣ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ካለ እሱን ሄደሽ ጠይቂው።